ገጽና ጭምብል፦ ስለ ግሬግ ካኖም የሜካፕ ሥራ

በዚህ መጽሔት ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄና ስለ ታሪክ አጻጻፍ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረንበታል። ስለ ሙጫ፣ ስለ ጎማ አረፋና ስለ ፊት ቀለም የተጻፈ ነገር ግን አናስታውስም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የፊልም ሜካፕ ባለሙያ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ አንዳንድ አንባቢያችን «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ቧልት ነው?» ሊለን እንደሚችል እንገምታለን። መልሱ በሐተታው ውስጥ ስለሚገኝ አስቀድመን አናባክነውም። ሰውዬው ግሬግ ካኖም ይባላል። በ1951 በሎስ አንጀለስ ተወልዶ በ2025 በ73 ዓመቱ አርፏል። ዓመታቱን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ የምንቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በሜካፕ ሥራው አራት ጊዜ ኦስካር ተሸልሟል። ይህም ሆኖ ስሙን የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ከስንት አንድ ነው። የሠራቸውን ፊቶች ያላየ ግን የለም ለማለት እንደፍራለን።

እኛ ከሥራው ጋር የተዋወቅነው በ1993 መጨረሻ ላይ «ሚስስ ዳውትፋየር» የተሰኘው ፊልም በወጣ ጊዜ ነው። ፊልሙ የሳን ፍራንሲስኮ ፊልም ነው፤ ቤቱም፣ መንገዱም፣ ባሕረ ሰላጤውም የምናውቀው ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ትርኢቶች ከፊሉ የተቀረጹት ደግሞ በኦክላንድ፣ በጃክ ለንደን አደባባይ አጠገብ ባለው በኬ ቲ ቪ ዩ ጣቢያ ነበር፤ የብዙዎቻችን የማታ ዜና የሚመጣበት ቤት ማለት ነው። እኛም ያየነው እዚያው ኦክላንድ፣ ከአራት አገር ልጆች ጋር ሆነን ነው። ከመካከላችን አንዱ በአገሩ የታሪክ መምህር የነበረ፣ በዚያን ጊዜ በሳን ሆዜ የኮምፒዩተር ክፍሎች በሚገጣጠሙበት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወዳጃችን ነበር። ፊልሙ አስቂኝ ስለሆነ እንደ ሌላው ሁሉ ይስቅ ነበር። ዳኛው አባትየውን ልጆችህን የምታየው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው ብሎ ሲፈርድበት ግን ሳቁ ተቋረጠ። የእርሱ ሁለት ልጆች ደሴ ነበሩ። በመኪና ወደ ሳን ሆዜ ስንመልሰው ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ፣ «ሰውዬው ዕድለኛ ነው፤ ፊቱን ቢለውጥ ይገባል» አለ። እኛም ያን ዕለት ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ስንነጋገር ፊቱን ማን እንደለወጠለት አልጠየቅንም። ይህ ጽሑፍ ያን ሳንጠይቅ የቀረነውን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በኋላ ማንሣት ነው።

ታሪኩን ለማያስታውስ በአጭሩ እንንገረው። ዳንኤል ሂላርድ የተባለ ለካርቱን ፊልም ድምፁን የሚሰጥ ተዋናይ ከሚስቱ ይፋታል፤ ልጆቹን ለማየት ሲል የስድሳ ዓመት እንግሊዛዊት ሞግዚት መስሎ በገዛ ቤቱ ይቀጠራል። ፊቱን የሚለውጥለት ወንድሙ ፍራንክ ነው፤ ፍራንክ የሜካፕ ባለሙያ ነው። የሜካፕ ባለሙያ በፊልም ውስጥ ራሱ ባለታሪክ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ይህ በራሱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ የሚያመሰግነውን ሞያ በዚያው ይዋሽበታል። በታሪኩ ውስጥ የሚስስ ዳውትፋየር ፊት አንድ ወጥ ጭምብል ነው፤ ሮቢን ዊልያምስ እንደ ባርኔጣ አጥልቆት ይወጣል፣ እንደ ባርኔጣ አውልቆት ይገባል። የፍርድ ቤት ተቆጣጣሪዋ ድንገት ቤቱ በመጣችበት ትርኢት ጭምብሉ በመስኮት ወድቆ መኪና ይሄድበታል፤ እርሱም መላ አጥቶ ፊቱን ኬክ ውስጥ ይደፍቃል፤ ቅባቱም ቀልጦ ሻይዋ ውስጥ ይንጠባጠባል። ሳቁ እውነት ነው። የሞያው ነገር ግን ሐሰት ነው።

እውነተኛው አሠራር ሌላ ነው። መጀመሪያ የተዋናዩ ፊት ተለክቶ በጀሶ ይቀዳል። በዚያ የጀሶ ራስ ላይ ባለሙያው አዲሱን ፊት በጭቃ ይቀርጻል፤ ጉንጩን፣ አገጩን፣ የአንገቱን ቆዳ፣ የአፍንጫውን ጫፍ ለየብቻ። ከየጭቃው ቅርጽ ማውጫ ይሠራል፤ በማውጫው ውስጥ የጎማ አረፋ ፈስሶ በምድጃ ይበስላል። የሚወጣው ነገር ከእንጀራ ይልቅ የሳሳ፣ ጠርዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሆነ ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ አንድ በአንድ በሙጫ ይለጠፋሉ፤ ጠርዞቻቸው ከተዋናዩ ቆዳ ጋር እስኪዋሐዱ ይዳመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ በብዙ ስስ ሽፋን ይቀባል፤ ምክንያቱም የሰው ቆዳ አንድ ቀለም የለውም፤ ከሥሩ ደም፣ ከላዩ ፀሐይ ያለበት ነገር ነው። ለሮቢን ዊልያምስ ይህ ሁሉ በየማለዳው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይወስድ ነበር። ማታ ሲወልቅ ጠርዙ ስለሚቀደድ ያው ቁራጭ ለነገ አይሆንም፤ በማግሥቱ ሌላ ተጋግሮ ይቀርባል። ያ በመስኮት የወደቀው ጭምብል እንግዲህ በዓለም ላይ የሌለ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለዝርዝሩ ስንል አይደለም። ሥራውን መመዘን የምንችለው አሠራሩን ካወቅን ብቻ ነው። ጭምብል ይሸፍናል። የካኖም ሥራ ግን ሮቢን ዊልያምስን እንዴት እንዳልሸፈነው መመልከት ነው የሚገባን። ዓይኖቹ እንዳሉ ናቸው፤ ጉንጮቹ ላይ የተለጠፈው ነገር ከሥሩ ያለው ጡንቻ ሲስቅ አብሮ ይስቃል። አሮጊቷ በልጆቹ መካከል ተቀምጣ ሳለ ትንሿ ልጅ የምትለውን ስትሰማ ከጎማው ሥር ያለው አባት ሲደነግጥ እናየዋለን። ተመልካቹ ሁለቱን ፊት ባንድ ጊዜ ካላየ ፊልሙ የለም፤ ሴትየዋን ብቻ ቢያይ ተራ የሞግዚት ታሪክ፣ ሰውየውን ብቻ ቢያይ ተራ የመንገድ ቧልት በሆነ ነበር። በእኛ አስተያየት የሜካፕ ሥራ የሚመዘነው ሸፍኖ በሚያሳየው ነገር ነው። ይህን ሚዛን ከያዝን የካኖምን ሌሎች ሥራዎች ሁሉ፣ ያልተሳኩትንም ጭምር፣ ልንዳኝበት እንችላለን።

ፊልሙ በ1994 መጋቢት ላይ በሜካፕ ኦስካር ሲሸለም ካኖም ሽልማቱን የተቀበለው ከቪ ኒልና ከዮላንዳ ቱሴንግ ጋር ነበር። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። በዚያ ዓመት ከተወዳደሩት አንዱ «ፊላደልፊያ» ነበር፤ የኤድስ ሕመምተኛ ሰው ፊት ቀን በቀን እንዴት እንደሚከሳ፣ እንዴት እንደሚጠቁር፣ በሸሚዝ ኮሌታ ሥር ምን እንደሚደበቅ የሚያሳይ ሥራ። ማንም ሰው «ሜካፑ ግሩም ነው» ብሎ ከሲኒማ ቤት አልወጣም፤ ሰዎች የወጡት ስለ በሽታው እያሰቡ ነው። ዳኞች ብዙ ጊዜ የሚሸልሙት ብዙ የተለጠፈበትን ነው። ካኖም የተገባውን ቢያገኝም ሌላውም የተገባው እንደነበር መናገር ከሒስ ግዴታ እንቆጥረዋለን።

ሽልማቱስ ከመቼ ጀምሮ ነው? የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ የመጀመሪያ ሽልማቱን የሰጠው በ1929 ነው። ለሜካፕ ቋሚ ዘርፍ የከፈተው ግን ለ1981 ፊልሞች ነው። በመካከሉ ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ዊልያም ተትል ለ1964፣ ጆን ቼምበርስም ለ1968 ሥራቸው፣ በልዩ ስጦታ ታስበዋል። በ1980 «ኤለፈንት ማን» በተባለው ፊልም ክሪስቶፈር ተከር የሠራው ፊት የሚሸለምበት ዘርፍ ሳይኖር በመቅረቱ ብዙ ሰው ስለተቆጣ ነው በሩ የተከፈተው። ሃምሳ ዓመት ማለት ነው። ልብስ ሰፊው፣ ድምፅ ቀራጩ፣ አዳራሽ አስጊጩ ሁሉ ከዚያ በፊት ወንበር አግኝተው ነበር።

በዚህ ላይ አሜሪካኖቹን ለመውቀስ የምንቸኩል ከሆነ ወደ ቤታችን እንመለስ። ብረት ቀጥቃጩን በቡዳነት የምንጠረጥር፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሞያው ስም የምንሰድብ ሕዝብ ነበርን። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ ይቅር ብለው ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። የተማርነው ክፍሎች ከዚያ ስድብ ነፃ ወጥተናል እንላለን። ነገር ግን ስለ አንድ ቴአትር ሒስ ስንጽፍ ደራሲውን፣ አዘጋጁን፣ ተዋናዩን እንጠራና እዚያ ላይ እናቆማለን። የተዋናዩን ፊት ማን እንደሠራው የሚናገር ሒስ ካለ አንባቢ ይጠቁመን፤ እኛ አላጋጠመንም። ስድቡን ትተን ዝምታውን ወርሰናል ማለት ነው።

ወደ ካኖም እንመለስ። ሞያውን የተማረው ሪክ ቤከር በተባለው ታላቅ ባለሙያ ሥር በረዳትነት ነው፤ እንደ ቆሎ ተማሪ ከመምህሩ እጅ። የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘው የሳን ፍራንሲስኮው ሰው ፍራንሲስ ኮፖላ በ1992 ባወጣው «ድራኩላ» ነው፤ ከሚሼል በርክና ከማቲው መንግል ጋር። በ1999 ደግሞ ከሮቢን ዊልያምስና ከዳይሬክተሩ ከክሪስ ኮለምበስ ጋር እንደገና በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ተገናኝቶ «ባይሴንቴኒያል ማን»ን ሠራ። እንድርያስ ብለን በአገራችን ስም ልንጠራው የምንችለው አንድሩ የተባለ ሮቦት ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ለመሆን ይደክማል፤ ቆዳ ያወጣል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። እንደ ፊልም ደካማ ነው፤ ንግግር ይበዛዋል። ፊቱ ግን ከንግግሩ የተሻለ ይናገራል፤ ሮቦቱ መጀመሪያ ያገኘው የሰው ቆዳ ከልክ በላይ ጤነኛ ነው፤ ሰው እየሆነ የሚሄደው እየተበላሸ ሲሄድ ነው። ለዚህም ሥራው ካኖም ለኦስካር ታጭቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን ካኖም ከጎማ አረፋ ወደ ሲሊኮን ፊቱን መልሶ ነበር። አረፋው ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ በቀለም ብልኃት ነው ሕያው የሚመስለው። ሲሊኮን ግን እንደ ሰው ቆዳ ብርሃኑን ጥቂት ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሲነካም ይለሰልሳል። ካኖም ከዌስሊ ዎፎርድ ጋር ለሜካፕ እንዲመች አድርጎ ላሻሻለው ሲሊኮን አካዳሚው በ2005 የቴክኒክ ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ወዳጃችን ይሠራበት የነበረው ሸለቆ ስሙን ያገኘው ከሲሊከን ነው፤ የሜካፑ ሲሊኮንም የሚሠራው ከዚያው ከሲሊከን ነው። አንዱ ኮምፒዩተር ይሆናል፤ ሌላው የአሮጊት ጉንጭ። ሁለቱ መልሰው የሚገናኙበት ቦታ ስላለ ጥቂት ቆይተን እንመጣበታለን።

ካኖም የወደቀበትን እንናገር። በ2004 «ዋይት ቺክስ» በተባለው ፊልም ጥቁሮቹን ወንድማማቾች ሾንንና ማርሎን ዌያንስን ነጭ ሴቶች አድርጎ ሠራቸው። ሐሳቡ በራሱ የሚናቅ አልነበረም። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁር ሕዝብ ሲሳለቁ ከመቶ ዓመት በላይ በኖረ መድረክ ላይ ነገሩን መገልበጥ ነበርና። ነገር ግን እዚህ ፊቶቹ ተሸፈኑ። የወንድማማቾቹ ፊት ከነጩ ሽፋን ሥር ጠፋ፤ ከላይ የሚታየውም አስከሬን የመሰለ፣ ሳቅ የማይደርስበት ፊት ሆነ። ቀልዱ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፊት ይፈልጋል የሚል መከራከሪያ ሰምተናል፤ አላሳመነንም። የሞግዚቷ ፊት የሠራው ሰው ይህንንም መሥራቱ ያስተማረን ነገር ቢኖር፣ ሞያው ለሁሉም ቆዳ እኩል ተዘጋጅቶ እንዳልነበረ ነው። ጥቁር ፊትን ጥቁር እንደሆነ ማስረጀት እንደሚቻል ግን ቤከርና ስታን ዊንስተን ገና በ1974 አሳይተው ነበር፤ ሲሲሊ ታይሰንን በቴሌቪዥን ፊልም የ110 ዓመት አሮጊት አድርገው ኤሚ ተሸልመውበታል። መንገዱ ነበር፤ የሄደበት ሰው ጥቂት ሆነ። በሜካፕና በፀጉር ሥራ ኦስካር ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች ሚያ ኒልና ጃሚካ ዊልሰን ናቸው፤ ዓመቱም 2021 ነው።

ኦክላንድም በዚህ ነገር ውስጥ አለች። የከተማዋ ተወላጅ ራያን ኩግለር በ2018 ያወጣው «ብላክ ፓንተር» የሚጀምረው በ1992ቷ ኦክላንድ ነው። በዚያች ሠፈር ያደገው ኪልሞንገር ልብሱን ሲያወልቅ ደረቱና ክንዱ በተደረደረ ጠባሳ ተሸፍኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ጠባሳ ስለ አንድ የገደለው ሰው የቆመ ነው። ሥራው የጆኤል ሃርሎውና የባልደረቦቹ ነው። ጠባሳው በአገራችን ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት የሙርሲና የሱርማ ሰዎች ገላቸው ላይ ከሚያወጡት ጋር እንደሚመሳሰል ብዙ ተብሏል። የኦሞን ሸለቆ ያልረገጠ የኦክላንድ ልጅ የኦሞን ምልክት ለብሶ ማየቱ ስሜታችንን አልነካውም ብንል እንዋሻለን። በዚያው ልክ ደግሞ ከፋን። በእነዚያ ሕዝቦች ዘንድ ጠባሳ ለውበትም ይወጣል፤ ሴቶችም ያወጡታል። ፊልሙ ግን የሙታን መዝገብ ብቻ አደረገው። እጅ የተዋጣለት ነው፤ ንባቡ ጎደሎ ነው። ያም ሆኖ ለዚያ ዓመት በሜካፕ ከታጩት የመጨረሻ ሦስት ፊልሞች መካከል አልነበረም። ያሸነፈው «ቫይስ» ነበር፤ ክሪስቲያን ቤልን ወደ ዲክ ቼኒ የለወጠው ሥራ፣ የካኖም አራተኛ ኦስካር፤ ከኬት ቢስኮና ከፓትሪሺያ ደሃኒ ጋር። የቼኒ ፊት በእኛ ሚዛን ከ«ሚስስ ዳውትፋየር» ጋር የሚስተካከል ነው፤ የሚያስፈራው ክፋቱን ስላጋነነው አይደለም፤ ምንም ያልተጋነነ የቢሮ ሽማግሌ ስላሳየን ነው።

ሦስተኛውን ሽልማት የዘለልነው ስለ ኮምፒዩተሩ ለመናገር ነው። በ2008ቱ «ቤንጃሚን በተን» ሰውየው ሽማግሌ ሆኖ ተወልዶ እያደገ ወጣት ይሆናል። በመጀመሪያው ክፍል የሽማግሌው ራስ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው፤ የካኖም እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የእይታ ትንግርቱ ኦስካር ለኮምፒዩተሮቹ፣ የሜካፑ ለካኖም ተሰጠ። አንድ ፊት ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የኮምፒዩተሩ ድርሻ እየሰፋ ሄደ፤ የፊት ሽብሽብታን በጣት ጠቅታ የሚያጠፋው ፎቶሾፕ እንኳ ለገበያ የወጣው ከዚሁ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ከሁለቱ ወንድማማች ፈጣሪዎቹ አንዱ በዚያን ጊዜ የጆርጅ ሉካስ የትንግርት ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ ያወጣው አዶቢም ከ1996 ጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ሆዜ ነው። በ2019 ያው የሉካስ ሰዎች ድርጅት በ«አይሪሽማን» ሮበርት ደ ኒሮን ወጣት አደረገው። ፊቱ በእርግጥ ወጣት ነው። ባለሱቁን መንገድ ላይ ሲረግጥ ግን እግሩ የሰባ ዓመት ሰው እግር ነው። ካኖም ይህን ስሕተት አይሠራም ነበር ብለን መማል ባንችልም፣ በወንበሩ ላይ አራት ሰዓት የተቀመጠ ተዋናይ ፊቱ ሲያረጅ በመስተዋት እያየ አካሉም አብሮ እንደሚያረጅ እናምናለን። በኮምፒዩተር የሚለወጥ ተዋናይ ፊቱን የሚያየው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን መድረክ። በኦክላንድና በሳን ሆዜ አዳራሾች አገር ቤት የተጻፉም እዚህ የተጻፉም ቴአትሮች ሲታዩ ከርመናል። ሽማግሌ ማለት አገጩ ላይ ጥጥ የተለጠፈበት ወጣት ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ፀጉር ሽበት ነው። ሦስት ሹሩባ ያለው ሁሉ ቴዎድሮስ ነው። ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት ከፊሉ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ፊትን ምልክት አድርገን መቁጠራችን ይመስለናል፤ ጥጡን አይተን «ሽማግሌ» ብለን ካነበብን በቃን። ኃይሌ ገሪማ በ1974 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲቀርጽ የገበሬዎቹን ፊት ያለ ምንም ቅብ በጥቁርና ነጭ ፊልም አሳየን፤ ያን ፊት ያየ ሰው ጥጡን እንዴት ዝም ብሎ እንደሚቀበል ይገርመናል።

ያ የሳን ሆዜው ወዳጃችን ልጆቹ በ2002 መጡለት። በአውሮፕላን ማረፊያው ሴቷ ልጅ አልፋው ሄዳ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ በኦክላንድ አንድ አዳራሽ ልጆቹን የሚጠብቅ አባት ያለበት ቴአትር አብረን ተመለከትን። አባትየው ጥጥ ነበረው፤ ዱቄትም ነበረው። ተዋናዩ ጥሩ ነበር፤ ሰውም አለቀሰ። ወዳጃችን ወደ ጆሯችን ጠጋ ብሎ፣ «እጁን እዩት፤ እጁ ሃያ ዓመቱ ነው» አለን። ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ገብተን ነገሩን ሜካፑን ለሠራው ወጣት ነገርነው። ወጣቱ ቀን ቀን ፀጉር አስተካካይ ነው። አልተቀየመም። መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ የወዳጃችንን እጅ ያዘ፤ ደም ሥሮቹን፣ የአንጓዎቹን ቆዳ፣ በጣቶቹ ጫፍ ላይ የድሮው ፋብሪካ ብየዳ የተወውን ጠባሳ አንድ በአንድ እያገላበጠ ብዙ ጊዜ ተመለከተው።